አንድ ሰው ይንገራቸው!

ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተመልካችን እንዴት ይይዛሉ?

ሁለት እጆች። ፊት አይታይም፤ ስምም የለም። እጆቹ ከቆጣሪ ሰዓት ጋር የታሰረ ፈንጂ ይዘዋል። ጣቶቹ ቆጣሪውን ያዞሩና ሦስት ደቂቃ ገደማ ላይ ይተዉታል። ወዲያው ከሩቅ የሴት ሳቅ ይሰማል። ባለፈንጂው ደንግጦ ዞር ይላል፤ ካሜራውም አብሮት ይዞራል። አንድ ጠና ያለ ሰውና አንዲት ወጣት ሴት ከመተላለፊያው ጫፍ እየተሳሳቁ ብቅ ይላሉ። ባለፈንጂው የግድግዳውን ጥግ ይዞ ይሮጣል፤ ጥላው ከራሱ ገዝፎ ግድግዳው ላይ አብሮት ይሮጣል። ጣሪያዋ የተገለጠ መኪና ጋ ሲደርስ የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ ፈንጂውን ያስቀምጥና ዘግቶ በጨለማው ይሰወራል። ሁለቱ ሰዎች ይደርሳሉ። መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ፤ ሞተር ያስነሳሉ፤ ይሄዳሉ።

የእህቴ ልጅ ስልኳን ሶፋው ላይ በግንባሩ የደፋችው እዚህ ላይ ነበር።

ክረምት ነው፤ ቅዳሜ ማታ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ልጅቷ ገና 17 ዓመቷ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ስታይ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እማዬ ሳትወለድ የተሠራ ነው!» ብላ ፊቷን ቋጥራ ነበር። አልተከራከርኳትም። ሦስት ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ አልኳት።

መኪናዋ ከቆመችበት ስትወጣ ካሜራው ሽቅብ ይነሳል። በቤቶቹ ጣሪያ አናት ተሻግሮ ከወዲያኛው መንገድ ላይ ይጠብቃትና ቀስ ብሎ ይወርዳል። የድንበር ከተማ ናት፤ በየበሩ መሸታ ቤት፣ በየግድግዳው መብራት፣ ጋሪ የሚገፋ፣ መንገድ የሚያቋርጥ፣ የሚዞር ሰው። የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ መኪናዋን ያስቆማታል። አንድ ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው በፊቷ ያልፋሉ። መኪናዋ ትነሳና ትቀድማቸዋለች። ትንሽ እንደሄደች የፍየል መንጋ መንገድ ይዘጋባታል፤ እነሱ ይደርሱባታል፣ ያልፏታል። እንደገና ትነሳለች፤ እንደገና ትጠጋቸዋለች። መኪናዋ በቆመች ቁጥር የእህቴ ልጅ ክንዴን ትጨብጣለች።

የድንበሩ ኬላ ላይ ሁሉም ባንድ ላይ ይደርሳሉ። ባልና ሚስቱ ከመኪናዋ ጎን ቆመው ከጠባቂው ጋር ወሬ ይዘዋል። መኪናዋ ውስጥ ያለችው ወጣት ጭንቅላቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ እያለ እንዳስቸገራት ታማርራለች። የሚሰማት የለም።

«አንድ ሰው ይንገራቸው እንጂ!» አለች የእህቴ ልጅ፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ ደርሳ።

መኪናዋ ኬላውን አልፋ ከዓይናችን ትወጣለች። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ባል ሚስቱን ሊስማት ይጠጋል፤ ይስማታል። ያኔ ከወዲያ ፍንዳታው ይሰማል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አንዴም ያልተቋረጠው ምስልም ያን ጊዜ ተቆርጦ በነበልባል የተዋጠች መኪና ያሳየናል።

ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ላውቅ የምፈልገው ነገር ሁሉ በዚያች ልጅ ጩኸት ውስጥ ነበር። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። መኪናዋ ውስጥ ላሉት፣ ለኬላ ጠባቂው፣ ለባልና ሚስቱ ነበር። የማይሰሟት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ዝም ማለት አልቻለችም። አንድ ፊልም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎቹ እዚህ ድረስ ካደረሰን የቀረውን መንገድ እኛው እየተጎተትን እንከተለዋለን።

ሚስማሩ

ፊልሙ «ተች ኦፍ ኢቭል» ይባላል፤ «የክፋት ንክኪ» ብንለው ያስኬዳል። ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ነው። ለሕዝብ የቀረበው በ1958 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ባልየውን ቻርልተን ሄስተን፣ ሚስትየዋን ጃኔት ሊ ይጫወቷቸዋል። ቀረጻውን የመራው ራስል ሜቲ ነው። በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ላይ ያለች የምትመስለው ከተማ እውነተኛዋ ቦታ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያለችው ቬኒስ ናት። ከእጆቹ ጀምሮ እስከ መሳሙ ድረስ ያለው ሁሉ በክሬን ላይ በተጫነ ካሜራ ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ የተወሰደ ሲሆን 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል።

እኛ በአማርኛ ይህን ዓይነቱን ፊልም «ልብ አንጠልጣይ» እንለዋለን። ቃሉን ማን እንዳመጣው አላጣራሁም፤ ያመጣው ሰው ግን ሥራውን አውቆታል። የተንጠለጠለ ነገር ወድቆ አልተሰበረም፤ በቦታውም አልተቀመጠም። መሬት እስኪነካ ድረስ ዓይን ከእሱ ላይ አይነሳም። ለማንጠልጠል ደግሞ አስቀድሞ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ሚስማር። ፊልም ሠሪው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመታው ይህን ሚስማር ነው፤ ሚስማሩም እውቀት ነው።

ብዙ ሰው ፍርሃት የሚመጣው ካለማወቅ ይመስለዋል። ጨለማው፣ የተዘጋው በር፣ የማይታወቀው ሰው። ጨለማ ያስደነግጣል፤ እውነት ነው። ድንጋጤ ግን ልብን አያንጠለጥልም፤ ገፍትሮት ያልፋል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የማያውቁት ፈንጂም እንደዚያው ነው፤ እስኪፈነዳ ድረስ አያስጨንቅም።

ይህን ከማንም በላይ አጥርቶ ያስረዳው ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ለቀናት ተቀምጦ ስለ ሙያው አወጋ፤ ጨዋታው በ1966 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። እዚያ የሰጠው ምሳሌ እስከ ዛሬ የፊልም ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለማይረባ ነገር ያወራሉ እንበል። ድንገት ከጠረጴዛው ሥር ፈንጂ ይፈነዳል። ተመልካቹ ይደነግጣል፤ የድንጋጤው ዕድሜ 15 ሴኮንድ ያህል ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ጨዋታ ሌላ ዓይነት እናድርገው። ተመልካቹ ፈንጂው ሲቀመጥ አይቷል፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም ሰዓት ያያል። ያው የማይረባ ወሬ አሁን ነፍስ ይዘራል። ተመልካቹ «ይሄን ወሬ ተዉና ተነሱ!» ማለት ያምረዋል። የምናገኘው የ15 ደቂቃ ጭንቀት ነው።

ሂችኮክ በቃል ያስረዳውን ዌልስ ጠረጴዛውን መኪና፣ ክፍሉን ከተማ አድርጎ አሳይቶታል። ልብ ብለን ካየነው ግን አንድ ነገር ጨምሮበታል። ፊልም ውስጥ ምስል በተቆረጠ ቁጥር ጊዜ ሊታጠፍ ይችላል፤ ሦስት ደቂቃ ዐሥር ሊሆን፣ ዐሥር ደቂቃ ሦስት ሊሆን ይችላል። ካልተቆረጠ ግን የእነሱ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው። ቆጣሪው ሲዞር አይተናል፤ ስለዚህ ሳናስበው በውስጣችን መቁጠር እንጀምራለን። የፍየሎቹ መንጋ ከዚያ ሰዓት ላይ ይቀንሳል። የፖሊሱ እጅ ይቀንሳል። የጠባቂው ወሬ ይቀንሳል። ያለ ፈንጂው እነዚህ ሁሉ የአንዲት ከተማ ተራ ምሽት ናቸው፤ ከፈንጂው ጋር ግን እያንዳንዳቸው የሰው ዕድሜ ይበላሉ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በቀረጻው የነበሩ ሰዎች እንደተረኩት ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ካሜራው፣ መኪናዋ፣ ተዋንያኑ፣ ፍየሎቹ ሁሉ ተሳክቶላቸው ኬላው ላይ ሲደርሱ ጠባቂውን የሚጫወተው ሰው ንግግሩ ይጠፋበት ነበር። ምስሉ አንድ በመሆኑ ደግሞ እንደገና ከእጆቹ መጀመር ግድ ነው። በመጨረሻ የተሳካላቸው ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ነበር ይባላል።

ባዶ ሳህን

ፈንጂ የግድ አያስፈልግም። ከዌልስ 27 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1931፣ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ላንግ የመጀመሪያውን ባለ ድምፅ ፊልሙን ሲሠራ በመዝሙር፣ በሰዓትና በምሳ ሳህን ብቻ ያንኑ አድርጎታል። ፊልሙ በአንድ ፊደል «ኤም» ይባላል።

በርሊን ውስጥ በአንድ የድሆች ግቢ ልጆች ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። መሐል ያለችው ልጅ እየቆጠረች ጓደኞቿን ታስወጣለች፤ መቁጠሪያ መዝሙሯ ስለ ልጆች ገዳይ ነው። የታጠበ ልብስ የተሸከመች ሴት ከላይ ሆና ያንን ዘፈን እንዲተዉ ትቆጣቸዋለች። ልጆቹ ለአፍታ ዝም ይሉና መልሰው ይጀምራሉ። ሴትየዋ ልብሱን ወደ ወይዘሮ ቤክማን ይዛ ገብታ ስለ ልጆቹ ስታማርር ወይዘሮዋ የምትመልሰው መልስ ነው የፊልሙ ቁልፍ፤ ድምፃቸው እስከተሰማን ድረስ ቢያንስ እዚያው እንዳሉ እናውቃለን ትላታለች።

ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ውጭ የሚጮሁ ልጆች አያሳስቡም። የሚያሳስበው ጸጥ ሲሉ ነው።

የግድግዳው ሰዓት 12 ይመታል። ወይዘሮ ቤክማን ፈገግ ብላ ሳህን ታቀርባለች፤ ልጇ ኤልሲ ከትምህርት ቤት መምጫዋ ነው። ኤልሲ መንገድ ላይ ኳሷን እያነጠረች ትሄዳለች። ኳሷን የምታነጥርበት ዓምድ ላይ ልጆችን ለሚገድለው ሰው ጠቋሚ 10,000 ማርክ ሽልማት የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያው ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጥላ ያርፋል። ጥላው ጎንበስ ብሎ ኳሷን ያደንቅላታል። ከዚያ ከዓይነ ስውሩ ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል፤ እየገዛም ያፏጫል። የሚያፏጨው የኖርዌያዊውን የኤድቫርድ ግሪግን ዜማ ነው። ገዳዩን የሚጫወተው ፒተር ሎሬ ማፏጨት ስለማይችልበት የምንሰማው የራሱ የላንግ ፉጨት ነው።

ከዚህ በኋላ ላንግ ወደ ልጅቷ አይመልሰንም፤ ከእናቷ ጋር ያስቀምጠናል። ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል፤ ትሮጣለች፤ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። በሩ ይንኳኳል፤ የተከታታይ ልቦለድ አዟሪ ነው። ሰዓቱን ታያለች። በመስኮቱ ብቅ ብላ «ኤልሲ!» እያለች ትጣራለች። በድምፅዋ ላይ ላንግ ባዶ ቦታዎችን ይደረድራል፤ ባዶ የደረጃ ጉድጓድ፣ ልብስ ብቻ የተሰጣበት ባዶ ቆጥ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበርና ያልተነካ ሳህን። ከዚያ ኳሷ ከቁጥቋጦ ሥር ተንከባልላ ወጥታ ትቆማለች። ፊኛዋ የስልክ ሽቦ ላይ ተጠላልፋ ትንቀጠቀጥና ነፋስ ይወስዳታል።

አንዲት የደም ጠብታ አላየንም። አንድም እጅ ሲነሳ አላየንም። ሆኖም ከዚያ ሳህን በላይ የሚያስፈራ ምስል ከፊልም ታሪክ ጥራ ብባል እቸገራለሁ። ምክንያቱ እዚህም ያው ነው። እናት የማታውቀውን እኛ አውቀነዋል፤ የምትጠብቃት ልጅ እንደማትመጣ አውቀን አብረናት እንጠብቃለን። የዌልስ ፈንጂ ሰዓት አለው፤ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ይገላግለናል። የላንግ ግን አይፈነዳም። ውስጣችን ይቀራል።

የማይታየው

«ማወቅ» ስል «ማየት» ማለቴ አይደለም። በ1975 የወጣውን የስቲቨን ስፒልበርግን የሻርክ ፊልም፣ «ጆውስ»ን፣ ያየ ሰው ልዩነቱን ይረዳዋል። ፊልሙ ገና ሲከፈት ካሜራው ከባሕር ሥር ሣር እየገፋ ይሄዳል፤ የጆን ዊልያምስ ሁለት ኖታዎች አንዱ ሌላውን እየተከተሉ ይፈጥናሉ። ሻርኩን አላየንም። ግን የሆነ ነገር ከታች እንዳለ፣ እየሄደም እንደሆነ፣ እንደራበውም ተነግሮናል። ከዚያ የባሕር ዳርቻ፣ እሳት፣ ጊታር፣ ወጣቶች። አንዲት ልጅ ልብሷን እያወለቀች ወደ ውኃው ትሮጣለች። አብሯት የመጣው ልጅ ስካሩ አሸንፎት አሸዋው ላይ ይተኛል። እሷን ከታች፣ ከውኃው ጥልቀት ሆነን እናያታለን፤ ይህን ስናይ በማን ዓይን እያየን እንደሆነ እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከውኃው በላይ ነው። አንዳች ነገር ይጎትታታል። ተዋናይዋን ሱዛን ባክሊኒን በገመድ አስረው ወዲህና ወዲያ ጎትተዋታል፤ ስለዚህ የምናየው የሰውነት መንገላታት የእውነት ነው። በመጨረሻ ትሰጥማለች፤ ባሕሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ይላል። ለፊልሙ የተሠሩት የሜካኒክ ሻርኮች የባሕሩ ጨው እያበላሻቸው ሠሪዎቹን ማስቸገራቸው የታወቀ ነው። ስፒልበርግም ሻርኩን ብዙ ሳያሳይ መሥራት ነበረበት፤ አውሬውን በደንብ የምናየው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ያ እጦት ፊልሙን ጠቀመው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ከመጀመሪያው ትዕይንት በኋላ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ያስበረግገናል። የልጅ እግር ውኃ ሲያንቦራጭቅ፣ ቢጫ ፍራሽ ማዕበል ላይ ሲንሳፈፍ ልባችን ይሰቀላል። ሚስማሩ አንዴ ተመትቷል፤ ስፒልበርግ የፈለገውን ይሰቅልበታል።

ከወለሉ በታች

አሁን ወደ ሂችኮክ ጠረጴዛ እንመለስ። በ2009 ክወንቲን ታራንቲኖ «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» የተባለውን ፊልሙን የከፈተው በዚያው ጠረጴዛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ገልብጦታል።

ጊዜው 1941፣ ቦታው ናዚ ጀርመን የያዛት ፈረንሳይ። ከብት አርቢው ላፓዲት ደጁ ላይ ጉቶ ይፈልጣል። ልጁ ነጭ አንሶላ ታሰጣለች። ሞተር ይሰማል። ልጅቷ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ከሩቅ፣ በአረንጓዴው ኮረብታ ሥር፣ አንድ መኪናና ሞተር ሳይክሎች ሲመጡ ይታያሉ። አባት የሚታጠብበት ውኃ እንድታመጣለት፣ ከዚያም ከእህቶቿ ጋር ቤት እንድትገባ ያዛታል፤ እንዳትሮጥም ያስጠነቅቃታል። በዚህች ማስጠንቀቂያ ብቻ እዚህ ቤት የተደበቀ ነገር እንዳለ ጠርጥረናል። ምንም የሌለው ሰው ልጁን አትሩጪ አይላትም።

ኮሎኔል ሀንስ ላንዳ ይገባል። ክሪስቶፍ ዋልትዝ በዚህ ሚና በካን የምርጥ ተዋናይን ሽልማት፣ ቀጥሎም ኦስካር አግኝቶበታል። ላንዳ አይጮህም፤ ጠመንጃም አያነሳም። ጨዋ ነው። የቀረበለትን ወይን ትቶ ወተት ይለምናል፤ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ከብቶቹንም ልጆቹንም ያመሰግናል። ወረቀት ያወጣል፤ ብዕር ያዘጋጃል፤ ስለ አንድ የጠፋ አይሁዳዊ ቤተሰብ ስምና ዕድሜ እየጠየቀ በርጋታ ይጽፋል። ፈረንሳይኛዬ አለቀ ብሎ በእንግሊዝኛ እንዲነጋገሩ ፈቃድ ይጠይቃል። ገበሬው ይስማማል። እኛም ነገሩን እንደ ጨዋነት ወስደን እናልፈዋለን።

ከዚያ፣ ሁለቱ እያወሩ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጠረጴዛውን አልፎ፣ እግራቸውን አልፎ፣ የወለሉን ጣውላ ዘልቆ ይወርዳል። ከሥር፣ በአቧራው ውስጥ፣ ሰዎች ተጋድመዋል። አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ዓይናቸው ከላይ በስንጥቁ በሚገባው ብርሃን ይታያል።

ሂችኮክ ከጠረጴዛው ሥር ሞትን አስቀመጠ። ታራንቲኖ ከጠረጴዛው ሥር ሕይወትን አስቀመጠ። በመጀመሪያው የታችኛው እንዳይፈነዳ እንፈራለን፤ በሁለተኛው የላይኛው እንዳይሰማ እንፈራለን። ለዚህ ነው ያ ትዕይንት ወደ 20 ደቂቃ የሚጠጋ ሲሆን ከውይይት በቀር ብዙ ነገር ሳይደረግበት እስትንፋስ የሚያሳጥረው። ወንበር ሲጥ ሲጥ ሲል እንሰማለን። ፒፓው ሲለኮስ እናያለን። ወተቱ፣ ቀለሙ፣ ወረቀቱ ሁሉም ከሥር ባሉት ሰዎች ምክንያት ትርጉም አግኝቷል።

ላንዳም እንደ እኛ ያውቃል። እንግሊዝኛውን የመረጠው ከሥር ያሉት እንዳይሰሙት ነው፤ ይህን የምንረዳው ግን ዘግይተን ነው። ገበሬው እንባው በጉንጩ ሲወርድ፣ ላንዳ ፈገግታውን አጥፎ ሲመለከተው፣ አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚችል፣ ልጆቹን ለማዳን የትኛውን ቤተሰብ እንደሚሰጥ እያየን ነው። እዚህ ላይ ጭንቀት ጥያቄ ይሆናል፤ እኔ ብሆን? ፊልሙ «ከዕለታት አንድ ቀን» በሚል ዓይነት አርእስት ነው ያንን ምዕራፍ የሚጀምረው። እንደ ተረት ጀምሮ እንደ ተረት የማያስተኛ ነው።

58 ገጽ

ወደ ዌልስ መመለስ አለብኝ፤ የተናገርኩት ነገር ሙሉ አይደለምና።

የእህቴ ልጅና እኔ ያን ማታ ያየነው በ1958 የወጣውን ቅጂ ነበር። መኪናዋ በከተማው ስትዞር የተዋንያኑና የሠራተኞቹ ስም በምስሉ ላይ ይመጣል፤ ከሥሩም የሄንሪ ማንቺኒ ማጀቢያ ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር ይጫወታል። ሙዚቃው ግሩም ነው። ዌልስ ግን ያሰበው ያንን አልነበረም።

ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ዩኒቨርሳል ቅንብሩን ከእጁ ወስዶ በራሱ መንገድ ጨረሰው። ዌልስ የእነሱን ቅጂ ካየ በኋላ በታኅሣሥ 1957 ለስቱዲዮው ኃላፊ 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። የቁጣ ደብዳቤ አልነበረም፤ ትዕይንት በትዕይንት፣ አንዳንዴም ድምፅ በድምፅ፣ እንዲህ ቢሆን ይሻላል እያለ የሚለምን የባለሙያ ጽሑፍ ነው። ስለ መክፈቻው ሲጽፍ የተቀመጠው ሙዚቃ ለጊዜው የተደረገ እንደሚሆን ገምቶ ነበር። እሱ ያሰበው በድንበር ከተማ እያንዳንዱ መሸታ ቤት በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ የራሱን ዘፈን ሲለቅ የሚሰማውን ነው፤ ካሜራው ሲያልፍ አንዱ ዘፈን ይርቃል፣ ሌላው ይቀርባል፣ ይደባለቃሉ። ከማስታወሻው ጥቂቱ ተፈጸመ፤ ብዙው ቀረ። ዌልስ በ1985 ሞተ።

በ1998 አዘጋጁ ሪክ ሽሚድሊንና የድምፅና የምስል ቅንብር ሊቁ ዋልተር መርች ያንን ማስታወሻ ይዘው ፊልሙን እንደገና አቀናበሩት። ከመክፈቻው ላይ ስሞቹን አነሱ። ማጀቢያ ሙዚቃውን አነሱ። በምትኩ የከተማውን ድምፅ መለሱ፤ የመሸታ ቤቶቹን ዘፈን፣ የሰዎቹን ወሬ፣ የፍየሎቹን ጩኸት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመኪናዋን ሬዲዮ።

ማጀቢያ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጫወት የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። ያንን እናውቃለን። የመኪናዋ ሬዲዮ ግን ፈንጂው የት እንዳለ ይነግረናል። መኪናዋ በምስሉ ባትኖርም ሬዲዮዋ ከቀረበ ሞት ቀርቧል፤ ሬዲዮዋ ከራቀ ለአፍታ ተንፍሰናል። በላንግ ፊልም ያለችው እናት በዘፈናቸው ልጆቹ እንዳሉ የምታውቀውን ያህል እኛም በዚያ ዘፈን ፈንጂው እንዳለ እናውቃለን። ድምፁ እስካለ አለ።

ገንዘብ የማይጠይቀው

ይህን ሁሉ የምጽፈው አሮጌ ፊልም ለማመስገን ብቻ አይደለም። ዛሬ በስልክም በቴሌቪዥንም የሚጀምሩ ብዙ ልብ አንጠልጣይ ሥራዎች በተኩስ ይከፈታሉ። መኪና ይገለበጣል፣ መስታወት ይረግፋል፣ ሰው ከፎቅ ይወረወራል። ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ለምን እንደሆነ አናውቅም፤ ስለዚህ ጆሯችን ይጮሃል እንጂ ልባችን ካለበት አይነቃነቅም። ተመልካቹ እንዳያመልጣቸው ብለው ጮሁበት። ምስጢር ቢያካፍሉት ኖሮ ራሱ ይጠጋቸው ነበር።

በአገራችን ስክሪፕት የሚጽፉና በትንሽ በጀት ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ክሬን የለንም፣ የሚቃጠል መኪና የለንም ማለት እውነት ነው። የላንግ ሳህን ግን በእያንዳንዳችን ቤት አለ። ወለል ሥር የተደበቀ ሰው የሚያስፈልገው ጣውላና አቧራ ነው። አስቀድሞ የሚያስፈልገው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው፤ ተመልካቹን ማመን። ነገሩን ለእሱ መንገር፣ ለባለታሪኩ አለመንገር፣ ከዚያ ታግሶ መቀመጥ። ጠላቱ ጥድፊያ ነው። ታራንቲኖ ካሜራውን ወደ ወለሉ ሥር ቶሎ ቢያወርደው ወተቱ አይታሰብም ነበር፤ ላንግ የእናቲቱን ጥበቃ ቢያሳጥረው ሳህኑ ሳህን ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

የሚነግሩን ነገር ደግሞ የምንወደውን ሰው የሚነካ መሆን አለበት። የዌልስ ካሜራ መኪናዋን ትቶ ከባልና ሚስቱ ጋር የሚራመደው ለዚህ ይመስለኛል። መኪናዋ ውስጥ ያሉትን አናውቃቸውም። እነዚህ ሁለቱ ግን አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይስቃሉ፤ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የእኛ ሆነዋል። ፈንጂው ወደ እነሱ በቀረበ ቁጥር የምንፈራው ስለወደድናቸው ነው።

በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ የ1998ቱን ቅጂ ከፈትኩላት። ስሞቹ እንደሌሉ ወዲያው አየች። ሙዚቃው የት ሄደ አለችኝ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚው አልኳት።

ጨፈነች። ሳቁ ተሰማ፤ ኮፈኑ ተዘጋ፤ ሞተሩ ተነሳ። ከአንዱ በር ከበሮ፣ ከሌላው ጥሩምባ። ከመሐላቸው የሬዲዮው ዘፈን ቀጭን ሆኖ መጣ። ልጅቷ አመልካች ጣቷን አንስታ ወደ ግራ ጠቆመች። ዘፈኑ ሲያድግ ጣቷ ቀስ እያለ ወደ መሐል ሄደ። በፍየሎቹ ጩኸት ሲሸፈን ቆመ። እንደገና ሲሰማ ተንቀሳቀሰ።

«አጠገባቸው ናት» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እኔ ስክሪኑን አየሁ። መኪናዋ አጠገባቸው ነበረች።